ራሱን ከሚያራባ ሰብል ዘር ማስቀረት፦ የወሎ ማሽላ እንደ ማሳያ

ማሽላ በተለምዶ ራሳቸውን በራሳቸው ከሚያራቡ ሰብሎች ጎራ ይመደባል። ምደባው ትክክል ቢሆንም፣ ከማሳው ለቀጣዩ ዓመት ዘር ለሚያስቀር ሰው በቂ አይደለም። በጤፍ ከሌላ ተክል በመጣ ብናኝ የሚፈጠረው ዘር ከ1 በመቶ እምብዛም አያልፍም፤ ኑግ በአንጻሩ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ማሽላ በሁለቱ መካከል ይገኛል። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ዘር አባቱ ሌላ ተክል ሲሆን፣ ዛላው ልቅ በሆነ ዝርያ ይህ መጠን 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ድቅል ተክል ራሱን በራሱ ሲያራባ ድቅልነቱ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ6 ትውልድ በኋላ የሚቀረው 1.6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በገበሬ ማሳ ግን ነፋሱ በየዓመቱ አዲስ ብናኝ ስለሚያመጣ ስሌቱ ወደ ዜሮ አይወርድም። ችግሩ መዳቀሉ በዚያው ዓመት በዓይን አለመታየቱ ነው። የዘሩ ቅርፊት የእናትየዋ አካል በመሆኑ ቀለሙ ስለ አባቱ የሚናገረው ነገር የለም።

የወሎዎቹ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጭቄ» ከዚህ ደንብ የሚወጡ ናቸው። ሲንግና አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ሁለት የማሽላ ናሙናዎች ከፍተኛ የላይሲን ይዘት ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ባሕርዩን የሚወስነው አንድ ድብቅ ዘረመል ሲሆን፣ መገለጫውም የፍሬው መጨማደድ ነው። ፍሬው ቀላል በመሆኑ ምርቱ ያንሳል፤ ገበሬው ግን በእሸትነቱ ጠብሶ ስለሚበላው ከሌሎች ማሽላዎች ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል። (ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው ላይሲን የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ አላስፈለገውም።)

መጨማደዱ የሚገለጠው በቅርፊቱ ሳይሆን አባትም በሚሳተፍበት የፍሬው የምግብ ክምችት ላይ ነው። ስለዚህ ከንጹሕ እናት በተገኘ ዛላ ላይ በተጨማደዱት መካከል ጥቂት ድንቡሽ ያሉ ፍሬዎች ከታዩ፣ እነዚህ የውጭ ብናኝ ልጆች ናቸው። እነርሱ ተዘርተው በሚያፈሩት ዛላ ላይ ደግሞ ፍሬው ራሱን በራሱ ያራባ እንደሆነ ሩቡ ገደማ ብቻ የተጨማደደ ይሆናል። ሁለቱን የዛላ ዓይነቶች ቆጥሮ መለየት ያለ ቤተ ሙከራ የሚሠራ የመስክ ጥናት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ ብናኙ የመጣው ከሌላ የተጨማደደ ፍሬ ካለው ተክል ከሆነ መዳቀሉ አይታይም፤ ስለዚህ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው መጠን በታች ነው።

የዝርያ አሻሻዮች ለንጽሕና ሲሉ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናሉ። ሽፋኑ አበባው ከመከፈቱ በፊት መሆን አለበት፤ ማሽላ ማበብ የሚጀምረው ከዛላው ጫፍ ስለሆነ ቀድሞ ያበበ ጫፍ ካለ ተቆርጦ ይጣላል። ከረጢቱ ፍሬው ከያዘ በኋላ ካልተነሣ እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ይጠራል። ለጣቢያ ሥራ ይህ አስፈላጊ ነው። በገበሬ ማሳ ላይ እንደ ምክር መስጠት ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ከ2 ወይም ከ3 የተሸፈኑ ዛላዎች የተገኘ ዘር አንድ ወጥ ቢሆንም በማሳው ውስጥ ካለው ስብጥር አብዛኛውን አስቀርቶ የሚሄድ ነው። ድርቅ በሚደጋገምበት በወሎ ደግሞ ያ ስብጥር ቅንጦት አይደለም።

ከብዙ ዛላዎች ጥቂት ጥቂት መውሰድና ከመዝራት በፊት የተጨማደዱትን ፍሬዎች በእጅ መልቀም ሁለቱንም ያስታርቃል። የተጨማደደው ፍሬ ከእናትም ከአባትም ያንኑ ድብቅ ዘረመል የወረሰ ስለሆነ ባሕርዩ ይጠበቃል፤ በሌሎች ባሕርያት፣ በቁመትም ሆነ በመድረሻ ጊዜ፣ ዛላዎቹ የያዙት ልዩነት ግን ከዘሩ ጋር ያልፋል። ስንት ዛላ ይበቃል የሚለው ከመንደር መንደር፣ እንደ ዛላው ልቅነትና እንደ ማሳው ቅይጥነት ተለክቶ የሚመለስ ነው።