የተረፈ መድኃኒት ቦይ ውስጥ አይደፋ

ቦይ ውስጥ የተደፋ ክኒንና ሽሮፕ ጠፍቶ አይቀርም። ከፒያሳ የሚወርደው ውሃ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። በአቃቂ ውሃም ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

በወንዝ ውስጥ ቆሻሻን እየበሉ ውሃን የሚያጠሩ፥ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሉ። እንደ ቴትራሳይክሊን ያለ መድኃኒት ሲገባባቸው ግን የማይችሉት ይሞታሉ፤ የቻሉት ተርፈው ይራባሉ፥ ይህንንም ኃይል በሽታ ለሚያመጡ ጀርሞች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ጀርም በሰላጣ አድርጎ ቤት ከገባ፥ ልጅ ሲታመም ያው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል።

ስለዚህ፤

1. መድኃኒትን በታዘዘው ልክና ቀን ውሰዱ።
2. የተረፈውንና ጊዜው ያለፈበትን አትድፉ፤ መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ ጠይቁ።
3. ሰላጣን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ጎመንን አብስላችሁ ብሉ።