ወረርሽኝና የድንበር በር

«በሽታ ሲመጣ አገር በሩን ቢዘጋ ምን ያስወቅሰዋል?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ከተማሪዎች ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ኮቪድ-19 በተስፋፋበት በ2020 እ.ኤ.አ. በድንበሮች ላይ የሆነውን እንመልከት።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. እንዳስታወቀው 167 አገሮች ድንበራቸውን በሙሉ ወይም በከፊል ዘግተው ነበር። ቢያንስ 57ቱ ጥገኝነት ለሚጠይቅ ሰው እንኳ አልከፈቱም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ ለአደጋ ወደሚጋለጥበት ምድር መመለስን ይከለክላል። አንቀጹ የሚያነሳቸው ልዩ ሁኔታዎች ስለ አገር ጸጥታና ስለ ከባድ ወንጀል ናቸው፤ በሽታ የለበትም። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ከድንበር ላይ ማባረርንም ለይቶ ይከለክላል። ይህችን አስምሩባት። እንግዲህ መንግሥት የመጣውን ሰው መመርመርና ለይቶ ማቆየት ይችላል፤ ወደ ሸሸው እሳት መመለስ ግን አይችልም።

ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻል ኡጋንዳ አሳይታለች። በማርች 2020 ድንበሯን ዘጋች። በሜይ ከኮንጎ ኢቱሪ ግድያ የሸሹ ሺዎች ከድንበሩ ላይ ለሳምንታት ቀሩ። በጁላይ መጀመሪያ በዞምቦ አውራጃ በሩ ለሦስት ቀናት ሲከፈት ከ3,000 በላይ ሰዎች ገቡ፤ የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። ጤናቸው ታይቶ፣ 14 ቀን ተለይተው ቆዩ። በደጅ ያሳለፏቸው ሳምንታት ባይኖሩ እንዴት መልካም ነበር!

አሜሪካ በተቃራኒው ሄደች። «ታይትል 42» በተባለው የጤና ድንጋጌ፣ ከማርች 2020 እስከ ሜይ 11 ቀን 2023፣ በሜክሲኮ ድንበር ከ2.8 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሰዎችን አባረረች፤ ብዙዎቹ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ሳይሰማ። የንግድ መኪና ግን በዚያው ድንበር ያልፍ ነበር። ይህ ለበሽታ መከላከያ ብቻ ነው ቢሉ ማን ያምናል?

እርዳታውም ተናጋ። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ኬንያ ከዳዳብና ከካኩማ መውጣትና መግባትን ከለከለች። የሪሴትልመንት በረራ በማርች 17 ቆሞ በጁን 18 ቀጠለ። ሦስት ወር አጭር ይመስላል። ነገር ግን የሕክምና ምርመራ ወረቀት የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀኑ ካለፈ፣ ሻንጣውን ያሰረ ቤተሰብ እንኳ እንደገና ይመረመራል፣ ፕሮሰሱም ወደ ኋላ ይጎተታል።