ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ መጻፍ፦ የአንድ አሮጌ ጎራዴ ገለጻ

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባሉት ገጠሮች፣ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖር አሮጌ ጎራዴ ያለው ቤተሰብ አይጠፋም። ጎራዴው ታሪክ አለው። ታሪኩን አጥርተው የሚያውቁት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አዛውንት ናቸው። እነርሱ ሲያልፉ ብረቱ ይቀራል፤ ነገሩ አብሯቸው ይቀበራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው፣ የልጅ ልጅም ቢሆን የሙዚየም መዝጋቢ፣ ጎራዴውን የሚያውቀው አስቀድሞ በተጻፈው ገለጻ ነው። ገለጻው የተሳሳተ እንደሆነ የሚያርመው ምስክር አይገኝም።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ በዚህ ትምህርት ገላጭ ድርሰት ስንለማመድ የምንጠነቀቅለት ነገር የቃላት ውበት አይደለም። በዓይን ያየነውን፣ በጆሮ የሰማነውንና በግምት የደረስንበትን በግሦቻችን ለይተን ማስቀመጥን እንማራለን። ከዚህ በታች የቀረቡት ሁለት ጽሑፎች ለትምህርቱ ሲባል የተደረሱ ናቸው። ሁለቱም ስለ አንድ ጎራዴ ይናገራሉ።

አንደኛ ጽሑፍ

«ይህ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የተማረከ እጅግ ጥንታዊና ውብ ጎራዴ ነው። ባለቤቱ ታላቅ ጀግና ነበረ። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ነው። በላዩ ላይም የዳግማዊ ምኒልክ ስም ንጉሠ ነገሥት ከሚለው ማዕረግ ጋር ተጽፎበታል።»

ሁለተኛ ጽሑፍ

«የጎራዴው ብረት ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ 82 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ቆልመም ያለና በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነው። በቀኝ ገጹ የአንበሳ ምስልና የዳግማዊ ምኒልክ ስም ተቀርጾ ይታያል፤ ከስሙም ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥት የሚል ይነበባል። እጀታው ድፍን ጥቁር ቀንድ ሲሆን እንደ ጠጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉት፤ የአውራሪስ ቀንድ ሳይሆን አይቀርም። እጀታውና ብረቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ከሌላው ክፍል ይልቅ አዲስ የሆነ የናስ ቀለበት አለ፤ ጎራዴው ተጠግኖ ኖሯል። ባለቤቱ እንደ ነገሩን ጎራዴው የአያታቸው ነበረ። አያታቸውም በእምባቦ መዋጋታቸውን ከአባታቸው ሰምተዋል።»

አሁን ሁለቱን አነጻጽሩ። በአንደኛው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ «ነው»፣ «ነበረ»፣ «ተጽፎበታል» በሚሉ የቁርጥ ግሦች ይዘጋሉ። ጸሐፊው ፊደሉን በዓይኑ አይቶታል፤ ስለ ጦርነቱ ግን ከሌላ ሰው ሰምቷል። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይነግረናል። ከዚህም የባሰው ጽሑፉ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ መሆኑ ነው። የእምባቦ ጦርነት በሆሮ ጉድሩ የተደረገው በ1874 ዓ.ም. ነው። የራስ ጎበና ዳጬ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ያደረገበትና የማረከበት ጦርነት ነው። በዚያ ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በ1882 ዓ.ም. ነው። ታዲያ የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ያለበት ጎራዴ ከስምንት ዓመት በፊት እንዴት ሊማረክ ይችላል?

ይህን ሲያዩ አንዳንዶች «ሽማግሌው ዋሽተዋል» ለማለት ይቸኩላሉ። ይህም ያው የመጀመሪያው ጸሐፊ ችኮላ ነው። አያትየው በእምባቦ ተዋግተው ጎራዴውን ከዓመታት በኋላ ተሸልመውት ሊሆን ይችላል። ብረቱ የቆየ ሆኖ ጽሑፉ በኋላ የተጨመረበትም ሊሆን ይችላል። ወይም የአንዱ ጎራዴ ታሪክ በትውልድ ቅብብል ወደ ሌላው ተሻግሯል። ሁለተኛው ጸሐፊ አንዱንም አልመረጠም። ፊደሉን እንደ ፊደል፣ ቃሉን እንደ ቃል አስቀምጦ ለሚቀጥለው ተመራማሪ በሩን ክፍት ተወለት።

የግሥ አዘጋግ

አማርኛችን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። «ሊሆን ይችላል» ስንል ነገሩ አይከለከልም ማለታችን ብቻ ነው። «ሳይሆን አይቀርም» ግን ሁለት አሉታዎችን አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ ተናጋሪው በእጁ አንዳች ማስረጃ እንዳለው ያመለክታል። ከላይ ባየነው ጽሑፍ ማስረጃው የቀንዱ ድፍንነትና ጭረቱ ነው፤ የበሬ ቀንድ ውስጡ ባዶ ነውና። ማስረጃ ሳይኖር «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል።

«ተጠግኖ ኖሯል» የሚለውን ደግሞ አስተውሉ። «ተጠግኗል» ቢል ጥገናውን ከመናገር አያልፍም። «ተጠግኖ ኖሯል» ሲል ግን ጸሐፊው ጥገናው ሲደረግ አላየም፤ ምልክቱን አይቶ ደረሰበት። ይህችን አነጋገር በቤታችሁ በየቀኑ ትሰሟታላችሁ፤ በድርሰት ላይ ግን እምብዛም አናገኛትም። ይህም የሚያሳዝን ነው፤ የታሪክ ተመራማሪ ሥራ አብዛኛው በእርሷ የሚነገር ነውና።

«አሉ» በንግግር፣ «ይባላል» በጽሑፍ ወሬን ያመለክታሉ። «ይባላል» ተደራጊ ግሥ ስለሆነ ተናጋሪውን ይሰውራል። «ጎራዴው የራስ ጎበና ነበረ ይባላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታገኙ «ማን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተናገረው ከታወቀ ስሙን ወይም ዝምድናውን ጥቀሱ። የጎራዴውን ባለቤት ስንፈልግ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት መርሳት የለብንም።

አጠያየቅ

አዛውንትን ስትጠይቁ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስገቡ። «አባባ፣ ይህ የእምባቦ ጎራዴ ነው፣ አይደል?» የተባሉ ሽማግሌ እንግዳን ላለማሳፈር «አዎን ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። «አባባ፣ ይህን ጎራዴ ከማን ወረሱት? እርሳቸውስ ከየት አገኙት?» ማለት ይሻላል። ሽማግሌው በኦሮምኛ ከተናገሩ ዋናውን ቃል በኦሮምኛ መዝግባችሁ ትርጉሙን ከጎኑ ጻፉ፤ በትርጉም ጊዜ የሚጠፋ ነገር አለና።

ስለ ብረቱና ስለ ስሙ

በአገራችን የሚገኙ በርካታ የአሮጌ ጎራዴ ብረቶች የተሠሩት በአውሮፓ ነው። በተለይ የጀርመን ከተማ የሆነችው ሶሊንገን በዚህ ሥራ ታወቀች። ብረቱ እዚህ ሲደርስ እጀታና ሰገባ በአገር ባለሙያ ይበጅለት ነበር። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ጎራዴ» ስንል ብዙ ጊዜ የሁለት አገር እጅ ያረፈበትን ዕቃ ማለታችን ነው። ይህንንም መጻፍ ክብሩን አይቀንሰውም።

ጎራዴን በመመርመር ረገድ ጃፓኖች ረጅም ልምድ አላቸው። የጃፓን አንጥረኛ ስሙን የሚቀርጸው በእጀታው ውስጥ በሚሸሸገው የብረቱ ጅራት ላይ ነው። እጀታው በቀርከሃ ችንካር ስለሚያያዝ ይወልቃል። በዚያ ጅራት ላይ ያለውን ዝገት ማንም አይፍቀውም፤ የዝገቱ ቀለም ዕድሜን ይመሰክራልና። የታወቁ አንጥረኞች ስም በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ በሐሰት ይቀረጽ ስለነበር፣ ዐዋቂዎቹ ስሙን ከማመናቸው በፊት ብረቱን ይመረምራሉ። በ1948 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የተቋቋመው የጎራዴ ጥበቃ ማኅበርም መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

የእኛ ጎራዴ እጀታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጠብቆ የተመታ ስለሆነ ለማውለቅ አትሞክሩ። ዝገቱንም በአሸዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አታጽዱ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያበራችሁት ብረት ፊደሉን አጥቶ ሊያድር ይችላል።

ፎቶግራፉ

ፎቶግራፍም ገለጻ ነው፤ ሊዋሽም ይችላል። ከአንድ ጫፍ ወገን ቆሞ የተነሣ ጎራዴ ከልኩ በላይ የቆለመመ ይመስላል። ስለዚህ ጎራዴውን በማያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ ላይ አጋድሙት፤ ካሜራውንም ከመካከሉ ትክክል በላይ ያዙ። ማስመሪያ ከጎኑ፣ በብረቱ ከፍታ ልክ፣ አኑሩ። የካሜራውን መብራት አትጠቀሙ፤ የተወለወለ ብረት እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። መስኮት አጠገብ ሆናችሁ ብርሃኑ በጎን እንዲወድቅበት አድርጉ። ያን ጊዜ የጠፋ የመሰለው ፊደል በገዛ ጥላው ተጽፎ ይታያችኋል። ፊደሉ እንዲጎላ ብላችሁ ጠመኔ አትቀቡት። ብረቱንም በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእጅ ላብ ያዝገዋል። ሁለቱን ገጾች በሙሉ ካነሣችሁ በኋላ ጽሑፉን፣ እጀታውንና መጋጠሚያውን ለየብቻ አንሡ። የቱ ቀኝ፣ የቱ ግራ እንደሆነ በዚያው ሰዓት ጻፉ።

የቤተሰቡን ፈቃድ ሳትጠይቁ አንዱንም አታድርጉ። በስለቱ ነገር ደግሞ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ጎራዴው ቅርስ ሊሆን እንደሚችልም አስታውሱ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

መልመጃ

1. በአንደኛው ጽሑፍ ውስጥ «ውብ»፣ «ጥንታዊ»፣ «ታላቅ» የሚሉት ቅጽሎች በዓይን ከታየ ነገር የተነሡ ናቸውን? እያንዳንዱን በሚለካ ወይም በሚታይ ነገር ተኩ።

2. «በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምት አቅራቢያ በቦነያ በወረዱት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ውስጥ የተገኘ ጎራዴ ነው» የሚል ወረቀት ከአንድ ጎራዴ ሰገባ ውስጥ ተገኘ እንበል። አርበኞች አውሮፕላኖቹን ማቃጠላቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ጎራዴው ግን ምንም የመቃጠል ምልክት የለበትም። «ሊሆን ይችላል»ን፣ «ይላል»ንና «ኖሯል»ን ተጠቅማችሁ በአራት ዓረፍተ ነገር ግለጹት።

3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ከሚገኙ አሮጌ ዕቃዎች አንዱን ምረጡ፤ ጎራዴ መሆን የለበትም፤ ጋሻ፣ የቡና ጀበና ወይም የፈረስ ኮርቻ ይሆናል። በአንድ ገጽ ግለጹት። ያያችሁትን በአንድ መስመር፣ የሰማችሁትን በሁለት መስመር አስምሩበት። ሳይሰመርበት የቀረ ዓረፍተ ነገር ካለ ከየት እንዳመጣችሁት ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።