አንድ ሆርሞን፣ ልዩ ልዩ ተቀባዮች



በማታው ትምህርት ክፍላችን አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «ጎረቤቴ ልቧ ሲመታባት የምትውጠው ኪኒን አላት። ባለቤቴ ደግሞ አስም አለበት። ሁለቱም የደረት ሕመም ስለሆኑ ከእርሷ ተበድሬ ልስጠው?» መልሳችን «በፍጹም አይስጡት» የሚል ነበር። ምክንያቱን በዛሬው ትምህርታችን እናያለን።

በምሽት ጅብ ድንገት ቢያጋጥመን ልባችን ይደልቃል፤ እጃችንም ይንቀጠቀጣል። ይህን ከሚያደርጉት ዋናው ከኩላሊቶቻችን በላይ ካሉት ሁለት ዕጢዎች ወደ ደም የሚገባው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ነው። ቁልፍ የሚከፍተው የሚስማማውን በር ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ አድሬናሊንም የሚሠራው በሴሎች ላይ ባሉ «ተቀባዮች» አማካይነት ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ለያቸው። በኋላም እነዚህ ራሳቸው በየዓይነታቸው ተከፋፈሉ። ሦስቱን እንመልከት።

1ኛ/ ቤታ 1፦ በልብ ጡንቻ ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ሲነቃ ወደ ጡንቻው ሴሎች የሚገባው ካልሲየም ስለሚጨምር ልብ ቶሎ ቶሎና በኃይል ይመታል።

2ኛ/ ቤታ 2፦ በሳንባ የአየር ቧንቧዎች ላይ ይገኛል። ሲነቃ ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ። በልብ ላይም በመጠኑ አለ።

3ኛ/ አልፋ 1፦ በይበልጥ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይገኛል። ሲነቃ የደም ሥሮቹ ስለሚጠቡ የደም ግፊት ይጨምራል። በልብ ጡንቻ ላይ ያለው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንለፍ። ለአስም የሚሰጠው ሳልቡታሞል ቤታ 2ን ስለሚያነቃ ትንፋሽ ይከፍታል። በልብም ላይ ቤታ 2 ስላለ፣ መጠኑ ሲበዛም ቤታ 1ን ስለሚነካ፣ አንዳንድ ሰው ሲወስደው ልቡ ይመታበታል።

ፕሮፕራኖሎል ግን ተቀባዮቹን የሚዘጋ ነው። ይህን መድኃኒት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስገኘው ጀምስ ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። መድኃኒቱ ቤታ 1ን ሲዘጋ የልብ ምት ይረጋጋል። ነገር ግን ቤታ 2ንም አብሮ ስለሚዘጋ የአስም በሽተኛን የአየር ቧንቧ አጥብቦ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። አቴኖሎል ይበልጥ የሚያተኩረው በቤታ 1 ላይ ቢሆንም ቤታ 2ን ጨርሶ አይተውም።

ስለዚህ፦

ሀ/ ቡናና ስኳር እንበዳደር እንጂ ኪኒን አንበዳደር።
ለ/ የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት ሲታዘዝልን፣ አስም ካለብን ለሐኪሙ አስቀድመን እንንገር።
ሐ/ ፕሮፕራኖሎልን ወይም አቴኖሎልን በድንገት ማቋረጥ ልብን ስለሚጎዳ፣ ኪኒኑ ከማለቁ በፊት ወደ ክሊኒክ እንሂድ።

የመልመጃ ጥያቄ፦ ሳልቡታሞልና ፕሮፕራኖሎል በአንድ ሰው አካል ውስጥ ቢገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያደናቅፈው ለምንድን ነው? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።