«ራሴን ያመኛል» የምትለው ጓደኛችን ምን ሆና ይሆን?

እስቲ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪን በሐሳባችን እናምጣ። ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው፤ እሷ ንፋስ መውጫ ከተማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዓርብ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን «ራሴን ያመኛል» ማለት አብዝታለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃና እስኪነጋ ትገላበጣለች። እንጀራ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ታይፎይድ ነው ተባለችና መድኃኒቱን ወስዳ ጨረሰች፤ ራስ ምታቱ ግን አለቀቃትም። መምህሩ ድንገት ስሟን ሲጠራ ትደነግጣለች። ትወደው የነበረውን የፀረ ኤድስ ክበብ ድራማም ትታለች። ጓደኞቿ «ኮርታብን ነው» ይላሉ። እናቷ «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ። «የአእምሮ ሕመም ይሆን እንዴ?» ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ለምን?

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልብሱን ጥሎ ገበያ መሐል የሚጮኸውን ሰው ስለሆነ ነው። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 100 ነዋሪዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ነዋሪዎቹ የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው በብዛት የጠቀሱት መለፍለፍን፣ ቁጡነትንና እንግዳ ጠባይን ነበር። ለአካል በሽታ ሐኪም ቤት ይሻላል ያሉት እነዚያው ሰዎች ለአእምሮ ሕመም የመረጡት ደግሞ ባህላዊውን መፍትሔ ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ብንጠይቅስ ከዚህ የተለየ መልስ እናገኝ ይሆን? እኔ አይመስለኝም።

በብዛት የሚያጋጥሙት ድብርትና ጭንቀት ግን አይጮኹም። እንዲያውም ሰውየውን ዝም ያሰኙታል። ሲናገሩም በሰውነት በኩል ነው የሚናገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአማርኛም ተተርጉሞ በሀገራችን የሚሠራበት አንድ መጠይቅ አለ። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ከ20ዎቹ ስምንቱ ያህል ስለ አካል የሚጠይቁ ናቸው፦ ራስዎን ያምዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? እንቅልፍ ይነሳዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ሆድዎን ያውክዎታል? ቶሎ ይደክምዎታል? እያለ ይቀጥላል። ስለ ማልቀስ፣ ስለ ፍርሃት፣ «አልረባም» ስለ ማለትና የወደዱትን ነገር ስለ መጥላትም ይጠይቃል። መጠይቁ መንገድ ይጠቁማል እንጂ በሽታውን አይወስንም፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

«ታዲያ ያዘነ ሁሉ ታሟል ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። አባቱን ቀብሮ የሚያለቅስ ልጅ አልታመመም፤ ሐዘን ላይ ነው። ፈተና ሲደርስ ልቡ የሚመታውም እንደዚያው። መታየት ያለበት ቆይታውና የሚያስተጓጉለው ነገር ነው። ቅዝዝ ማለቱ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ አብዛኛውን ቀን እየታየ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ትምህርት ከተቃወሱ ድብርት ሊሆን ይችላል። የሌለ ድምፅ መስማት ወይም «ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ያለ ምክንያት መጠርጠር ከታየ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ነው።

የጋይንት ሰው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው። በጦርነቱ ወቅት ንፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በከተማዋ የተደፈሩ 16 ሴቶችን አነጋግሯል። ከ16ቱ 15ቱ የአካልና የአእምሮ ጤና ችግር እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ጭንቀትና ድብርት ከጠቀሷቸው መካከል ናቸው። የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፎ ስለነበር ወዲያው መታከም አልቻሉም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል።

እንዲህ ያለውን ያየ ሁሉ አይታመምም፤ አብዛኛው ሰው ከዘመድ ወዳጅ ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ያገግማል። ነገር ግን ያ ቀን በሕልም እየተመላለሰ የሚያባንነው፣ በር ሲንኳኳ ዘሎ የሚነሣ፣ ነገሩ በደረሰበት መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ የሚሄድ፣ ሁኔታውም ከወር በላይ የዘለቀበት ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል። «ፈሪ» አትበሉት።

ይህ ጉዳይ በኤች አይ ቪ መከላከያ መጽሔት ላይ ምን አገባው? በጣም ያገባዋል! ድብርት ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ባለ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። የተደበረ ሰው «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ኪኒኑን ይተዋል፣ የቀጠሮ ቀኑን ያሳልፋል። ጭንቀቱን በአረቄ ሊያበርድ የሄደ ወጣትም ኮንዶም ትዝ አይለውም። የተደፈረ ሰው ደግሞ ድንጋጤው አፉን ስለሚይዘው ዝም ብሎ ቀናት ያልፉበታል። ቫይረሱን የሚከላከለው መድኃኒት ግን መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል።

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ጓደኛዋ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? «አይዞሽ» ደግ ቃል ነው፤ ብሎ መሄድ ነው ችግሩ። ብቻዋን ስትሆን አጠገቧ ተቀመጡና «ሰሞኑን እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አያለሁ፤ ምን ሆነሽ ነው?» በሏት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለች «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስይዝም፤ ይልቅስ ሸክሙን ያቀላል። መልሷ «አዎ» ከሆነ ብቻዋን አትተዉአት። ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቁ፣ ለምታምኑት መምህር ወይም ዘመድ በዚያው ሰዓት ንገሩ። ምሥጢር ጠባቂነት እዚህ ላይ አይሠራም።

ጠበል የምትሄድ ከሆነ ትሂድ፤ ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ካለ ግን አታቋርጥ። የድብርት መድኃኒት ሥራው እስኪታወቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው በአምስተኛው ቀን «አልጠቀመኝም» ብሎ ይጥለዋል። በመድኃኒት ሳይሆን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በመነጋገር ብቻ የሚሻለውም ብዙ ነው።

መነሻው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከበድ ሲል ደብረ ታቦር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አብራችኋት ሂዱ። ባለሙያው ፊት ስትቀርብም «ራሴን ያመኛል» ብላ እንዳታቆም ንገሯት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንደምትነቃ፣ ምግብ እንደዘጋት፣ ድራማውን ከተወች ስንት ሳምንት እንደሆናት ጨምራ ትንገረው። እሷ ካፈረች በፈቃዷ እናንተ ጀምሩላት።