በስልክ ያማረው ፎቶ ወረቀት ላይ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች በየወሩ አንድ ርዕስ መርጠን ፎቶ እናነሳለን፤ እቤታችን አትመን ይዘን እየመጣንም እንወዳደራለን። የዚህ ወር ርዕስ «ቡና» ነው። በስልኬ ያማረው ፎቶ ግን ሲታተም ጠቆረብኝ፤ የጀበናዋ እንፋሎት ጭራሽ አይታይም። ፕሪንተሬ ባለ ቀለም ኢንክጄት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፕሪንተርዎን ለመውቀስ አይቸኩሉ። ስክሪን የራሱ ብርሃን አለው፤ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ብርሃኑ እስከ ጥግ በተከፈተ ስልክ የተስተካከለ ፎቶ ሲታተም ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ ያድርጉና ፎቶውን እንደገና ይዩት። ያኔ ጥቁሯ ጀበና ከጀርባዋ ካለው ጥላ ጋር ተዋህዳ ያገኟት ይሆናል፤ ጥላውን ብቻ በጥቂቱ ያድምቁት። እንፋሎቱን አይንኩት፤ ብርሃን ከበዛበት ነጭ ሆኖ ይጠፋል።

ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጠው ምስሉ ይደበዝዛል። ለኢንክጄት የተሠራ የፎቶ ወረቀት ይጠቀሙ። ከማተምዎ በፊትም (ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ እኔም ስንት ወረቀት አበላሽቼበታለሁ) በፕሪንተሩ ማዘዣ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ይምረጡ። አለዚያ ማሽኑ ተራ ወረቀት መስሎት የቀለሙን መጠን ይሳሳታል። መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ይሞክሩት።

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም የሚያሻግሩ ከሆነ «ፋይል» አድርገው ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። ለ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ኅትመት 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ይበቃል።

ኅትመቱ ላይ ነጫጭ መስመሮች ካዩ የፕሪንተሩን የቀለም መርጫ (ሄድ) ማጽጃ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሠሩት። ካልጠፉ ለፕሪንተር ጠጋኝ ያሳዩት፤ ከዚያ በላይ ማጽዳት ቀለም መጨረስ ነው።