ምዕራፍ ሰባት፦ ፈቃዷን ማንም ያልጠየቃት ታካሚ

ጋብቻ ክቡር የሚሆነው ሁለቱ ተጋቢዎች በነፃ ኅሊና ሲፈቅዱት ነው፤ ይህንንም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ያጸናው ሲሆን፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ይሁን እንጂ በጠለፋ የተወሰደች ወይም እርስዋ ሳትጠየቅ በወላጆቿ ቃል የተዳረች ልጃገረድ ዛሬም አለች፤ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ ቢዘጋባት እንኳ፣ ስትታመም ወይም ስታረግዝ ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣ ይሆናልና፣ የአዋላጅ ነርሷና የሐኪሙ ክፍል ስለ ገዛ ፈቃዷ የምትጠየቅበት ብቸኛ ሥፍራ ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ ለቸኮለ ዓይን አይገለጥም። ራስ ምታትና የሆድ ሕመም እያለች የምትመላለስ፣ ተመርምራም ደዌ ሥጋ ያልተገኘባት፤ ስትጠየቅ ባሏ ወይም አማቷ ቀድመው የሚመልሱላት፤ ትምህርቷን በድንገት ያቋረጠች፤ የእርግዝና መከላከያ በስውር የምትለምን፤ እንቅልፍ ያጣች ወይም መርዝ እስከ መጠጣት የደረሰች ብትሆን፣ እያንዳንዱ ምልክት ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ቤተ ዘመድ የድንግልና ምርመራ እንዲደረግላት ቢጠይቅ ግን እሺ ማለት አይገባም፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እንዳስታወቀው፣ ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ የሰውንም ክብር ይገፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ታካሚዋን ለብቻዋ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ አብሯት የመጣውንም ሰው «ምርመራው ለብቻ ነው» ብሎ በመልካም ቃል ከደጅ ማቆየት፣ አስተርጓሚም ካስፈለገ ከዘመዶቿ ወገን ያልሆነ መፈለግ ይገባል። ከዚያም በዝግታ፣ «እኅቴ፣ ይህን ጋብቻ የፈለግሽው አንቺ ነሽ ወይ? እምቢ ብትዪ ምን ይደርስብሻል? ዛሬ ወደ ቤት ብትመለሺ የምትፈሪው ነገር አለ ወይ?» ተብላ ትጠየቅ። ምሥጢሯ እንደሚጠበቅላት፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ግን ጥበቃ ለሚያደርግላት አካል ማሳወቅ ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ ሳትናገር በፊት ሊነገራት ይገባል።

ተገዳ የተደፈረች እንደ ሆነ ጊዜ ውድ ነው፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም በ5 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ሁለቱም በቶሎ ሲሰጡ ይበልጥ ይረዳሉ። ከአስገድዶ መድፈር ያረገዘች ሴት እርግዝናውን ማቋረጥ ብትፈልግ፣ የወንጀል ሕጉ የራስዋን ቃል በቂ አድርጎ ይቀበላል። ቁስሏና የተናገረችው ቃል በትክክል ይመዝገብ፤ ነገር ግን ወደ ቤት ይዛው በምትሄደው ካርድ ላይ ከቶ አይጻፍ።

ብዙዎች በቅን ልቡና የሚሳሳቱት ቤተሰቡን ጠርቶ በማስታረቅ ነው። ሽምግልና በሌላ ነገር የተመሰገነ ልማድ ቢሆንም፣ በዚህ ጉዳይ ግን ምሥጢሯን ለሚያስገድዷት ሰዎች አሳልፎ ይሰጣል። ጠለፋን በጋብቻ ማስታረቅ በሕግም ቀርቷል፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ቢያገባ ከክስ የሚያድን በር ትቶለት ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚቀጣ ከመሆኑም በላይ፣ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከቅጣት እንዳያድነው ደንግጓል። እንግዲህ ጉዳዩ መድረስ ያለበት ወደ ፖሊስ፣ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተል ጽሕፈት ቤትና ወደ አስተማማኝ መጠለያ ነው።

የጤና ሠራተኛ የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ያየሃት ታካሚ ነገ እንድትመለስ ላይፈቀድላት ይችላልና፣ ሳትጠይቃት አትሸኛት።